በሰማያዊ ወረቀት የተጻፈ

ሮስ ካልደር የገዛ ፍቅሩን በታይፕ ተመትቶ ያገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሜካፕ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ ታስሮለት ነበር።

ወረቀቱ ሰማያዊ ነው። በስቱዲዮው ደንብ አንድ ትዕይንት ተለውጦ እንደገና ሲጻፍ፣ ከአሮጌው ከነጩ ጋር እንዳይምታታ በሰማያዊ ወረቀት ይወጣል። ስለዚህ ሜካፕ የምትቀባው ሴትዮ «ዛሬ ጠዋት የመጣ ነው፣ ሚስተር ካልደር» ብላ ጭኑ ላይ ስታስቀምጥለት ምንም አልመሰለውም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈለትን ሲሆን ኖሯል። እያዛጋ ማንበብ ጀመረ።

«ካፒቴኑ፦ ብዙ ሰው ያየኛል፤ የምታውቂኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ማዛጋቱ ግማሽ ላይ ቀረ።

«ስሳሳት ታርሚኛለሽ፤ ስረሳ ታስታውሽኛለሽ። ሌላ ሴት ፊት ቆሜ የተናገርኩት ሁሉ ላንቺ ነበር…»

የራሱ ቃል ነው። ማክሰኞ ጠዋት በር ዘግቶ፣ አራት ጊዜ ቀድዶ፣ በአምስተኛው የጻፈው ደብዳቤ። አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ከሥሩ ደግሞ የሴቲቱ መልስ ተመትቷል፦ «ሂድ። ባሕሩ ይጠብቅሃል። እኔን እርሳኝ።»

ሮስ ክው ብሎ ቀረ።

«ውይ፣ ፊትዎ ነጣ» አለች ሴትዮዋ። «ቀለም ልጨምር?»

«ጨምሪ» አላት። «ዛሬ ብዙ ሳያስፈልገኝ አይቀርም።»

ደብዳቤው የተጻፈው ለኢነዝ ፕሩዊት ነበር። ኢነዝን ፊልም ተመልካች አያውቃትም፤ ስሟ በፊልም መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስክሪፕት ተቆጣጣሪ ናት። ከካሜራው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷ ላይ ሰዓት አንጠልጥላ፣ ጭኗ ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግታ፣ ካፒቴኑ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንዳነሳ፣ ስንተኛው ቁልፉ እንደተከፈተ ትመዘግባለች። ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ታቀብለዋለች። ሌላም ሥራ አላት፣ የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭም እሱ ነው። የአንዱ ተዋናይ ፊት ለብቻው ሲቀረጽ ሌላው በካሜራ ስለማይታይ፣ ታላላቆቹ እመቤቶች ወደ ክፍላቸው ሄደው ያርፋሉ። ያን ጊዜ የእመቤቲቱን ቃል የምታነብለት ኢነዝ ናት። ሮስም እመቤቲቱን ያየ መስሎ እሷን ያያል።

እንግዲህ ቁጠሩት። ዘጠኝ ዓመት፣ ሃያ ሁለት ፊልም። በየከተማው ስንቷን ሴት መሐረብ ያስያዘ፣ ጋዜጣው ሁሉ «የሮስ ካልደር አስተያየት» እያለ የጻፈለት ያ ዓይን፣ አንድም ቀን እመቤቲቱን አይቶ አያውቅም። ያየው ቡናማ ሹራብ የለበሰች፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች አንዲት ሴት ነው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ሮስም ከዚህ አላመለጠም።

ሮስ ካልደር ደግሞ ሲወለድ ሮስ ካልደር አልነበረም። ኤልመር ስቱዝማን የሚባል የነብራስካ ብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። በሃያ ዓመቱ ለካውቦይ ፊልም የተገዙ ፈረሶችን እየጠበቀ፣ አብሯቸው በዕቃ ባቡር ተጭኖ ሆሊውድ ገባ። ዋናው ተዋናይ «ገደል አልዘልም፣ እናት አለችኝ» ብሎ ሲያንገራግር፣ ኤልመር «እኔም አለችኝ፤ ግን አታየኝም» ብሎ ልብሱን ለበሰና ዘለለ። ስቱዲዮው ስሙን ቀየረለት፣ ጥርሱን አስተካከለለት፣ ስምንት ዓመት ያለ ድምፅ አስጋለበው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። በሙከራው ቀን ከፍርሃቱ የተነሣ ድምፁ እንደ አውራ ዶሮ ቀጠነ፤ አለቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሥራው እዚያች ላይ ሊያበቃ ነው። ያን ጊዜ በዚያው ሳምንት የተቀጠረች አንዲት ታይፒስት ውሃ ይዛለት መጣችና ዝቅ ብላ፣ «ፈረስ ሲደነብር እንዴት ነው የሚያናግሩት?» አለችው።

«ቀስ ብዬ።»

«እንደዚያው ይናገሩ።»

ተናገረ። አገር የሚያውቀው ያ ዝቅ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ታይፒስቷም ኢነዝ ነበረች።

ታዲያ ሠላሳ ሴት ፊት ተንበርክኮ «እወድሻለሁ» ያለ ሰው ለአንዷ መናገር እንዴት አቃተው? አቃተው እንጂ። የስቱዲዮው ደንብ ኮከብና ተራ ሠራተኛ አብረው ቡና ሲጠጡ ቢታዩ ሠራተኛዋን ያባርራል፤ ኮከቡን ይመክራል። በዚያ ላይ የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ጋስ ኦዴል አለ። ኦዴል ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የሰውን ሕይወት እንደ ጫማ በልክ የሚሰፋ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሮስንና የፊልም ጓደኛውን ዳፍኒ ሞርላንድን ጭፈራ ቤት ለጭፈራ ቤት እያዞረ ፎቶ አስነሥቷቸዋል። በመጪው እሁድ መታጨታቸው በጋዜጣና በራዲዮ ሊነገር ቀን ተቆርጧል፤ በማግስቱ ሰኞ የሮስ የሰባት ዓመት ኮንትራት ይፈረማል። አንደኛው ያለ ሌላኛው የለም።

ለዚህ ነው ማክሰኞ ጠዋት ብዕር ያነሣው። ስሙ በወርቅ ቀለም የታተመበትን ወረቀት አልነካም፤ የኦዴል ክፍል የተዋናዮችን ደብዳቤ እየከፈተ እንደሚያነብ ያውቃል። መሳቢያው ውስጥ ያገኘው ሌላ ወረቀት ሰማያዊው ብቻ ነበር። ስሟን አልጻፈም፤ የራሱንም አልጻፈም። ኢነዝ ከበርጩማዋ ስትነሣ ጠብቆ መዝገቧ ውስጥ ሸጎጠው። «ይህ ቃል ቢሻል» እያለ ለዓመታት በዚያው ወረቀት ጫር ጫር ያደረገውን የስክሪፕት ማረሚያ ሁሉ የሚሸጉጥላትም እዚያችው ቦታ መሆኑ ትዝ አላለውም። ፍቅር የያዘው ሰው ነገር እንዲህ ነው።

አሁን ሐሙስ ላይ፣ ሰማያዊውን ገጽ ጨብጦ ሲያስብ የታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኢነዝ ደብዳቤውን አንብባለች። አንብባ መልሷን ከሥሩ መትታበታለች። ሂድ፣ እርሳኝ። ልቡ ተሰበረ፤ ከመሰበሩም በላይ አፈረ።

* * *

ቀረጻው የሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ የመርከብ ሸራ የሚሰፋበት ቤት ተሠርቷል። በፊልሙ ውስጥ ካፒቴኑ የታጨው ለገዢው ልጅ ነው፤ የሚወደው ግን ማርታ የምትባለውን ሸራ ሰፊ። ማርታ ሆና የምትጫወተው ዳፍኒ ናት። ኢነዝ ከካሜራው ጎን ተቀምጣ እርሳስ ስትቀርጽ ሮስ መጣና ፊቷ ቆመ።

«አነበብሽው?»

«እንዴት አላነብም? እኔ አይደለሁ የመታሁት!»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። እንደሁልጊዜው በሦስት ቅጂ።»

«በሦስት ቅጂ!» አለ ሮስ። አንዱ ለማን፣ ሌላው ለማን እንደሆነ መጠየቅ አስፈራው። «እና ምን አልሽ?»

ኢነዝ ትንሽ አሰበች። ሰው አስተያየት ሲጠይቃት የምታስበው ከልቧ ነው።

«ጥሩ ነው አልኩ። ትንሽ ረዝሟል።»

«ረዝሟል?»

«ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢቀነስ ብዬ ነበር። ሚስተር ፊልቢን ግን አንዲት ቃል አትነካም ብለው ጮኹብኝ።»

ፊልቢን ዳይሬክተሩ ነው።

«መልሱስ? ‹ሂድ፣ እርሳኝ› የሚለው?»

«እሱማ የድሮው ነው፤ ነጩ ገጽ ላይም እንዲሁ ነበር። አልወደዱትም?» አለችና ቀና ብላ አየችው። «ሚስተር ካልደር፣ ካፒቴኑን እንዲህ አድርገው ይጽፉታል ብዬ አላሰብኩም። ከዛሬ በፊት የሰጡኝ ሁሉ ስለ ፈረስ ነበር።»

ያን ጊዜ ገባው። ይህች ሴት የምትሸሸው ነገር የለም፤ አላሾፈችበትም፤ እምቢም አላለችው። ደብዳቤው የእሷ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አልመጣላትም። ሊስቅ ቃጣው፤ ወዲያው ደግሞ ሆዱ ባባ። ዘጠኝ ዓመት ያየኋት ሴት እንደማያት አታውቅም ማለት ነው ብሎ አሰበ።

«ኢነዝ፣ ስሚኝ። ያ ወረቀት…»

«ሮስ! የኔ ሙሽራ!» ኦዴል ከኋላ መጥቶ ትከሻውን አቀፈው። ከጎኑ የመጽሔት ፎቶ አንሺ ቆሟል። «ዛሬ ዕድለኛ ነህ። ያንተ ፊት ሲቀረጽ ዳፍኒ ወደ ክፍሏ አትሄድም። እዚሁ ቆማ ቃሏን ራሷ ትሰጥሃለች፤ እኛም ፎቶውን እናነሣለን። ‹ከፍቅሯ ብዛት አንድ ደቂቃ አትለየውም።› እንዴት ነው?» ወደ ኢነዝ ዞር አለ። «አንቺ ዛሬ አፍሽን ታሳርፊያለሽ፣ ሚስ ፕሩዊት።»

«እሺ፣ ሚስተር ኦዴል» አለች ኢነዝ። እርሳሷን መቅረጿን ቀጠለች፤ ጫፉ ግን ሁለት ጊዜ ተሰበረባት። ሮስ አየ።

የተሰበረው እርሳስ ከምንም በላይ አበረታው። በዚያው ቅጽበት የት እንደሚነግራት ወሰነ። በዚህ ስቱዲዮ ሰው የማያቋርጥህ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ደወል ተደውሎ ቀዩ መብራት ሲበራ በሩ ይዘጋል፤ የስቱዲዮው ባለቤት ቢመጣ እንኳ አይከፈትለትም። ፊልቢን ደግሞ ካሜራ እየዞረ ያነጠሰን ሰው የሚያባርር ሰው ነው። አርባ ሰው ፊት ይሆናል፤ ይሁን። ሮስ ካልደር መቼም ሰው ፊት መናገር አይፈራም። ሲፈራ የኖረው ለብቻ መናገር ነው።

ብቻ ዳፍኒ መሄድ አለባት።

* * *

ዳፍኒ ሞርላንድ በሰፊ ቀሚሷ ምክንያት መቀመጥ ስለማትችል፣ ቀሚስ ለለበሱ ሴቶች በተሠራው ሰያፍ ሰሌዳ ላይ ተደግፋ ቆማ ፖም ትገምጣለች። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለት ጊዜ የፈታች፣ ምላሰኛ፣ ደግ ሴት ናት። ሮስ አጠገቧ ደርሶ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ቀደመችው።

«ማን ነው የጻፈው?» አለች ሰማያዊውን ገጽ እያወዛወዘች።

«ጸሐፊዎቹ ናቸዋ።»

«ተው እባክህ! የኛ ጸሐፊዎች ሴት ጠብቀው አያውቁም። ይህን የጻፈው የጠበቀ ሰው ነው።» ፖሟን ገመጠች። «አንተ ነህ። ለኔ አይደለም፤ ለኔ ቢሆን አጠር ይል ነበር።»

«ዳፍኒ…»

«ዝም በል፣ ላስብ። ‹ስሳሳት ታርሚኛለሽ፣ ስረሳ ታስታውሽኛለሽ።›» ዓይኗ ቀስ ብሎ አዳራሹን ዞረና በርጩማዋ ላይ አረፈ። አፏ ውስጥ ያለውን ፖም ሳታኝክ ቆየች። «አንተ ሰውዬ!» አለች በመጨረሻ። «እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም። የፊልም ቃል መስሏት በታይፕ መታችው።»

ዳፍኒ እስክታስነጥስ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ እጁን ያዘችው።

«ይሄውልህ፣ ሮስ። እኔ አንተን ባገባ ቁርስ ላይ ስለ ፈረስ ስታወራ በሦስተኛው ቀን አብድ ነበር። ያን እንተወው። ግን ልንገርህ፤ ኦዴል ይጥልሃል። የምሩን ነው የሚጥልህ። ዛሬ ስምህ ያለበት ግድግዳ ሁሉ ነገ የሌላ ሰው ስም ይጻፍበታል። አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«እና?»

«ብረት መቀጥቀጥ አልረሳሁም።»

አየችው። እያጋነነ እንዳልሆነ ገባት። ሁለቱም ባሎቿ በዚህ ዓይን አይተዋት አያውቁም፤ ያ ትንሽ አመማት። ደስም አላት።

«ሂድ እንግዲህ፣ ቦታህን ያዝ» አለችው። የተረፈውን ፖም እጁ ላይ አስቀመጠችና ጮክ ብላ፣ «ጋስ! ጋስ፣ ራሴን!» ማለት ጀመረች።

ኦዴል እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ? ፎቶ አንሺው ቆሟል እኮ!»

«ወገቤን የቋጠረው ኮርሴት ሊገድለኝ ነው። ሄጄ ልተኛ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እመቤቴ!»

«እንግዲያው እዚሁ ልውደቅልህ፤ ስወድቅ ያንሣኝ። ‹ከፍቅሯ ብዛት ራሷን ሳተች› ትላለህ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ለሮስ አንድ ዓይኗን ጠቀሰችለት። በሕይወቱ የዚያን ያህል የወደዳት ጊዜ የለም።

* * *

«ያው እንደ ልማዳችን» አለ ፊልቢን ያልተለኮሰ ሲጋሩን እያኘከ። «ኢነዝ፣ የማርታን አንብቢ። ሮስ፣ እባክህ ካፒቴን ሁን፤ ከጠዋት ጀምሮ ቀብር የሄድክ ትመስላለህ። ጸጥታ!»

ደወሉ ተደወለ። በሮቹ ተዘጉ። ቀዩ መብራት በራ።

ኢነዝ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ጣቷን የመስመሩ መጀመሪያ ላይ አሳረፈች። ከካሜራው መስታወት እስከ ፊቷ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

«ብዙ ሰው ያየኛል» አለ ሮስ። «የምታውቂኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጣቷ መስመሩን ተከተለ።

«ስሳሳት ታርሚኛለሽ። ስረሳ ታስታውሽኛለሽ፣ ኢነዝ።»

«ማርታ» አለች በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ሳታነሣ። ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ ነው። «ማርታ ነው የሚለው።»

«አይደለም» አለ ሮስ። «ኢነዝ ነው።»

ቀና አለች።

የፊልቢን እጅ «ካት» ብሎ ቀረጻውን ሊያስቆም ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ የሮስን ፊት አየና እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ካሜራው ይዞራል።

«ማክሰኞ መዝገብሽ ውስጥ የሸጎጥኩት ደብዳቤ ነበር። የፊልም ቃል አይደለም። ስምሽን ያልጻፍኩት ስለፈራሁ ነው። አሁን ግን ይኸው አልፈራሁም። ሌላ ሴት ፊት ቆሜ የተናገርኩት ሁሉ ላንቺ ነበር። ሰው የኔ አስተያየት የሚለው አንቺን ማየቴን ነው። እሁድ ሰው ሁሉ የሌላ ነው ይለኛል። ከዚያ በፊት አንድ ቃል ከሰጠሽኝ ስሜንም ዝናዬንም ትቼ እመጣለሁ። ዝም ካልሽ ግን ዝምታሽን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ። ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

ወረቀቱ ላይ ያለው እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጣዩ የማርታ ነው።

ኢነዝ ዓይኗን ወደ መዝገቡ መለሰች። ጣቷ «ሂድ» የሚለው ቃል ላይ ነበር። ሮስ ከቆመበት ሆኖ ታየው። ያችን ቃል ብታነብ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ኦዴል ደህና፣ ኮንትራቱ ደህና፣ በርጩማዋም ደህና። ሰውም «ሮስ ዛሬ ቃል ተምታታበት» ብሎ ይስቅና ምሳ ይሄዳል። የተጻፈውን ማንበብ ደግሞ ሥራዋ ነው። ከዚያ ውጪ ወጥታ አታውቅም። ሮስ ገደሉን ሲዘል እንኳ ይህን ያህል አልፈራም ነበር።

«ሁለት ዓረፍተ ነገር ይቀነስ ያልኩት…» አለች ኢነዝ። «የትኞቹን እንደሆነ ታውቃለህ? ‹ስሳሳት ታርሚኛለሽ፣ ስረሳ ታስታውሽኛለሽ› የሚሉትን ነው። እኔን መሰሉኝ። እኔን መሰሉኝና አፈርኩ። ‹አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን አታውቂም?› አልኩ ለራሴ። አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ መታሁት። በሦስት ቅጂ።»

አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰላል ላይ ሆኖ አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። ማንም አላባረረውም።

«እዚህ ‹ሂድ› ይላል» አለች። መዝገቡን ዘጋችው። «አትሂድ።»

ከአንጀት የወጣ ቃል ነበር።

«ካት» አለ ፊልቢን ቀስ ብሎ። እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

* * *

ኦዴል እስከዚያች ደቂቃ ከቀዩ መብራት ሥር አፉን ይዞ ቆይቷል። መብራቱ ሲጠፋ ፈነዳ።

«ምንድን ነው ይህ? ሮስ፣ አብደሃል? የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ልትጥል ነው! ሰኞ እኮ ነው የምትፈርመው። እሁድ ዳፍኒ ከሌለች ሰኞ የለም!»

«ሰኞ ባይኖር ማክሰኞ ይኖራል» አለ ሮስ።

«ማክሰኞ ማን ይቀጥርሃል?»

«ገደል የሚዘል ሰው የሚፈልግ።»

ኦዴል ሊያሸንፈው እንደማይችል አየና ወደ ኢነዝ ዞረ። ወዲያው ሳቁ ተመለሰ፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው።

«ሚስ ፕሩዊት፣ አንቺ ብልህ ሴት ነሽ። ‹ተበላሽቷል› ብለሽ መዝግቢ። የተበላሸ ፊልም አይታጠብም፤ ይቃጠላል። አለቆቹ ነገ ጠዋት የሚያዩት ጥሩ የተባለውን ብቻ ነው። እሱ ኮንትራቱን፣ አንቺም ሥራሽን ትይዛላችሁ። አንዲት ቃል ናት። ለሱ ብለሽ ጻፊያት። የምትወጂው ከሆነ።»

የመጨረሻዋ ቃሉ ልቧን አገኘችው። ሮስ ፊቷ ላይ አየ። ኦዴል ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ሴቲቱ ለራሷ ፈርታ አትጽፍም፤ ለሱ ፈርታ ግን ልትጽፍ ትችላለች። ሮስ «አትስሚው» ሊላት አሰበና ተወው። እስከ ዛሬ እሷ ቃል ስታቀብለው ኖራለች፤ እሱ ግን ለእሷ ቃል አያቀብላትም። የራሷን ትፈልግ።

ኢነዝ ወደ እሱ ዞረች። «እውነቱን ንገረኝ» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመት ነው። ትቆጭ ይሆን?»

«ስለ ፊልሙ? ልቆጭ እችላለሁ። ደህና ሚና ስትወሰድብኝ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። አንድ ሁለት ቀን አኮርፋለሁ።» ከዚያም ጨመረ። «አንቺ ‹ተበላሽቷል› ብለሽ ከጻፍሽው ግን እስክሞት ነው።»

እውነቱን ስለነገራት አመነችው። ጉራ ቢነዛ ኖሮ ላታምነው ትችል ነበር።

መዝገቡን ከፈተች። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። አርባ ሰው ቆሞ ሲያያት፣ ሁልጊዜ ስትጽፍ እንደምታደርገው ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች።

«ምን ጻፍሽ?» አለ ኦዴል።

«ቀረጻ አንድ» ስትል አነበበች። «የተዋናዩ ቃል ከጽሑፉ ይለያል። የአንባቢዋም ቃል ይለያል። ትክክል። ይታጠብ።»

ፊልቢን ሲጋሩን ከአፉ አወጣ። «ይታጠብ ካለች ይታጠባል። በኔ አዳራሽ የኢነዝ መዝገብ ተሰርዞ አያውቅም።» ኦዴልን ገልመጥ አደረገው። «በሩ በዚያ ነው፣ ጋስ። ፎቶ አንሺህን ይዘህ።»

ፎቶ አንሺው ግን ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሲያጨበጭብ ነበር። መሰላል ላይ ያለው ሠራተኛ ተከተለው፤ ከዚያ ሌሎቹ። ኦዴል ኮፍያውን ጭኖ ወጣ። ከነገ ጀምሮ ምን እንደሚሠራባቸው ሮስ ያውቃል፤ ያን ነገ ነገ ያስብበታል።

ኢነዝ መዝገቧን በርጩማው ላይ አኑራ ተነሣች። ወደ እሱ መጣች፤ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። በመሃላቸው ካሜራ የለም፣ ወረቀት የለም። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ርቀት ተያይተው አያውቁም።

«እሺ፣ ኤልመር» አለችው። «አሁንስ ምን ልትል ነው?»

ሮስ አፉን ከፈተ፤ አንድም ቃል አልመጣለትም። ወደ ዓይኗ አየ። ልታቀብለው ትችል ነበር፤ አላቀበለችውም። ፈገግ ብላ ቆማ ጠበቀችው። የሚናገረውን ማንም እንዳልጻፈለት፣ ጊዜም እንዳላነሰው ሲያውቅ፣ ፈረሶቹን ይዞ ከባቡር ከወረደበት ቀን ወዲህ ተሰምቶት የማያውቅ ደስታ ተሰማው።